ጎብዬ ውስጥ ደረጃ የሌለው ቤት

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚሄድ ሰው ጎብዬን በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። ጥቂት ቤት፣ ባጃጅ፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ማሽላ። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው። ልጆች ሆነን ማሽላው ሲያሽት ሌሎቹ ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ፤ እኔ ከሥር ሆኜ ጠጠር አቀብላለሁ። ቀኝ እግሬን በሕፃንነቴ ፖሊዮ ስለመታኝ ማማ መውጣት አልችልም ነበር። ጢንቂሹን ግን እኩል ነበር የምንካፈለው።

አሁን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሶሻል ወርክ አስተምራለሁ። የምርምር ርዕሴ አካል ጉዳትና ቁማር ነው። ይህን ስናገር የሰው ፊት ምን እንደሚሆን ለምጄዋለሁ። መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ "ምን አገናኛቸው?" ይላል። እናቴ ደግሞ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሳ "ቆይ፣ ሶሻል ወርክ እርዳታ ማደል ነው?" ብላ ከጠየቀችኝ ዓመታት አልፈዋል። እስካሁን የሚያጠግባት መልስ አልሰጠኋትም።

ሁለቱን ያገናኘልኝ አብሮ አደጌ ነው። ስሙን አልጽፍም። ነሐሴ 2014 ቆቦ አካባቢ ጦርነቱ ዳግም ሲቀሰቀስ ፍንጣሪ መታውና ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ደሴ ባለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግር ተሠራለት። እግሩ ጥሩ ነው፤ የእኛ ቆላ ሙቀት ግን አይስማማውም። ሲያልበው ቆዳውን ይልጠዋል። ስለዚህ አብዛኛውን ቀን ያወልቀውና ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በፊት ሽንኩርት ጫኝ ነበር፤ ጉልበቱ የሚታወቅ ልጅ። በ2016 ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ ለሱቅ መክፈቻ አዋጣለት። እናቱ አንድ ወይፈን ሸጡ። በዓመቱ ገና ሲደርስ ሱቁም የለም፣ ብሩም የለም።

"አቪዬተር" አለኝ፣ ምን እንደሆነ ስጠይቀው። "መጀመሪያ ኳስ ነበር። ኳስ ቅዳሜን ታስጠብቅሃለች። አውሮፕላኗ ግን ሌሊትም ትነሳለች።"

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ አውሮፕላኗን ታውቋታላችሁ። ትነሳለች፣ ከጎኗ ያለው ቁጥር ያድጋል፣ ሳታመልጣችሁ ጫን ካላችሁ በላችሁ፣ ካመለጠቻችሁ ተበላችሁ። (በነገራችን ላይ በአማርኛ ያሸነፈው "በላ"፣ የተሸነፈው "ተበላ" መባሉ ከብዙ ጥናት የተሻለ ትርጉም ይመስለኛል።) እንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ከእያንዳንዱ ዙር 3 በመቶ ብቻ ለቤቱ ቢያስቀር ትንሽ ይመስላል። ካልኩሌተራችሁን ክፈቱና 0.97ን በራሱ 50 ጊዜ አባዙት። 0.22 ገደማ ይመጣል። 100 ብር ይዞ የገባ ሰው ያለውን ሁሉ 50 ጊዜ ደጋግሞ ቢያስይዝ በአማካይ 22 ብር ነው የሚቀረው ማለት ነው፤ 100 ጊዜ ቢደጋግም 5 ብር። አንዱ ዙር ደግሞ ከደቂቃ በታች ነው። ሽንኩርት ጭኖ ለዋለ ሰው አንድ ሰዓት አጭር ነው። ደጃፍ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን አንድ ሰዓት ረጅም ነው፤ ብዙ ዙር ይይዛል።

"ለምን አትወጣም? ሥራ ለምን አትጠይቅም?" አልኩት፤ እኔም እንደ ሰው። በምርኩዜ አመለከተኝ፤ ምርኩዜን ተውሶ ነበር የያዘው። "እዚያ ቢሮ አምስት ደረጃ አለ። ወጥቼ ወረፋ ይዤ ነገ ተመለስ ይሉኛል። ባንክ ሦስት ደረጃ አለ። ይቺ ግን" አለና ስልኩን አነሳ፣ "ደረጃ የላትም። ነገ ተመለስም አትልም። ማን እንደሆንኩም አታይም።"

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ቃል በቃል የጻፍኳት ይቺን ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መንገድና መፀዳጃ እንዲኖረው ደንግጓል። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 አጽድቃለች። ከዚያ ወዲህ በእኛ አካባቢ ስንት ቢሮ መወጣጫ እንደሠራ እናንተም የራሳችሁን ከተማ አስባችሁ ገምቱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ፣ አካል ጉዳተኛ ያለ ማንም እርዳታ የሚገባበትን ቤት አጠናቅቆ የሠራው ቁማር ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ደግሞ ብሩም ከተቀመጡበት ሳይነሱ የሚሄድ ሆነ። ለእኔ እግር ቴሌብር በረከት ነው፤ ሐሰት አልናገርም። ያው መንገድ ግን ወደዚያኛውም ቤት ይወስዳል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ስጽፈው ትንሽ እፈራለሁ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለዓመት ያህል በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ያኔ ስልኩ ድንጋይ ነበር ይላል ጓደኛዬ። ከደሴ ለእግሩ መጠገኛ ቀጠሮ ማወቅ አልቻለም፣ ከተሰደደው ወንድሙ ጋር መገናኘት አልቻለም። "ግን ያን ዓመት አልተበላሁም" አለኝ። ይህ ኢንተርኔት ይዘጋ ለሚል ሰው ማስረጃ እንዲሆነው አልፈልግም። የነገረኝን ግን መደበቅ አልችልም።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። ጎንደር የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስማር ብዙዎቻችን ሶሻል ወርክ የተመደብንበት እንጂ የመረጥነው አልነበረም። ለማስተርስ ስድስት ኪሎ ስገባ ነው የትምህርቱን ታሪክ የሰማሁት። አዲስ አበባ ላይ የሶሻል ወርክ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በደርግ ጊዜ ተዘጋ። እስከ 2004 ድረስ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት አልነበረም። ድርቅ ነበር፣ ጦርነት ነበር፣ ስደት ነበር፤ ሥራውን በሙያ የተማረ ሰው ግን አገሪቱ አላወጣችም። ዳግም ሲከፈት ከመሩት አንዱ ዶክተር አብዬ ታሴ በኋላ የዓለም የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነዋል። እናቴ ሙያዬን አለማወቋ እንግዲህ የእሷ ጥፋት አይደለም።

ከዚያ ትምህርት ቤት በማስተርስ ከተመረቁት አንዷ የትነበርሽ ንጉሤ ናት። ደቡብ ወሎ፣ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር የሆነች፣ ሕግ የተማረች፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሸለመች። የወሎ ልጅ፣ አካል ጉዳተኛ፣ የእኔው ሙያ። ተማሪ እያለሁ ስሟን ባየሁ ቁጥር ቀጥ ብዬ እቀመጥ ነበር።

እንደዚያም ሆኖ ርዕሴን ይዤ ስሄድ ያገኘሁት መልስ "አንዱን ምረጥ" ነበር። የት እንደሆነ ይቅር። አንዱ መምህር አካል ጉዳት እንድመርጥ መከሩኝ፣ ራሴን እያዩ። ሌላው ቁማር አዲስ ስለሆነ ድጋፍ አገኛለሁ አሉኝ። የአካል ጉዳት ክፍል ቁማርን የአእምሮ ጤና ጉዳይ ይለዋል፣ የአእምሮ ጤናው የወጣቶች ጉዳይ ይለዋል፣ የወጣቶቹ ደግሞ አካል ጉዳተኛ ቤቲንግ ቤት አይመጣም ይላል። ልክ ነው፣ አይመጣም። ቤቱ ነው ወደ እሱ የሚመጣው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያየሁት ሕክምና ውስጥ ብቻ ነበር፦ ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ቁማር ነክቶ የማያውቅን ሰው ቆማሪ ሊያደርጉ ይችላሉ። የእኔ ጓደኛ መድኃኒት አይወስድም።

ከዚያ መለኪያው መጣ። ቁማር በዓለም ደረጃ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ከሱስ ምዕራፍ የገባው በቅርቡ ነው፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው ያዛወረው። ለጥናት ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት መለኪያ በ2001 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ የተዘጋጀው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ ነው። ባለፉት 12 ወራት ከአቅምህ በላይ አስይዘሃል? የተበላኸውን ልታስመልስ ተመልሰሃል? ተበድረሃል ወይም ዕቃ ሸጠሃል? ሰው ወቅሶሃል? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው። ድምሩ 8ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው ችግር ውስጥ ነው።

መንገዱ የተከፈተ ሰሞን ጎብዬ ሄጄ ጥያቄዎቹን ከመጠቀሜ በፊት ለሙከራ ለጓደኛዬ አነበብኩለት። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ አቦል ላይ ጀመርን።

"ከአቅምህ በላይ አስይዘሃል?"

ሳቀ። "ወረዳው 'አቅመ ደካማ' ብሎ ነው የመዘገበኝ። አቅም የሌለው ሰው ከአቅሙ በላይ እንዴት ያስይዛል?"

ዜሮ ልጻፍ? አንድ? ዝም ብዬ ቀጠልኩ።

"ለጨዋታው ብለህ ዕቃ ሸጠሃል?"

"እኔ አልሸጥኩም። እናቴ ናት ወይፈኑን የሸጠችው፣ ለሱቅ ብላ።"

"ጨዋታህ ቤተሰብህን የገንዘብ ችግር ውስጥ ከቷል?"

"እኔን ማን ይጠብቅና።"

"ሰው ወቅሶሃል?"

እዚህ ላይ ዝም አለ። ሲኒውን አዞረ። "ታናሽ ወንድሜ ሁለት መቶ ብር ቢበላ ሰፈሩ ሁሉ ተነሳበት። ሐራም ነው አሉት፣ ሽማግሌ ተላከበት፣ አያ እከሌ እንኳ በትር ይዞ መጣ። እኔ የሱቁን ብር ስጨርስ ሁሉም 'አብሽር' ነው ያሉኝ። 'ይጫወት እስቲ፣ ምን ያድርግ።' የወቀሰኝ የለም፤ ዜሮ በል።"

ድምሩ 7 መጣ። በመጠይቁ መሠረት ጓደኛዬ ከመስመሩ በታች ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መጠይቁ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ የተሠራው ሲያጠፋ የሚወቀስ፣ ቤተሰብ የሚጠብቀው፣ የራሱን ዕቃ የሚሸጥ ሰው ታስቦ ነው። ሰዉ የሚያዝንለትን ሰው አያየውም። የእኛ አገር ለአካል ጉዳተኛ ያለው አንጀት ሰፊ ነው፣ እኔም በእሱ ነው ያደግኩት። ግን ለጤነኛው ምክር ይሰጣል፣ ለእኛ እዝነት። የእኛ ኪሳራ እንደ ኪሳራ አይቆጠርም፤ ድሮም የሚቆጠር ነገር የለንም ተብሏላ።

ይህ ያለመቆጠር ነገር የቆየ ነው። የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከኢትዮጵያውያን አካል ጉዳተኛ የሆኑት 1 በመቶ ገደማ ናቸው አለ። ከአራት ዓመት በኋላ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ባወጡት የአካል ጉዳት ሪፖርት የኢትዮጵያ አኃዝ 17.6 በመቶ ነው። አንድ አገር፣ ሁለት አገር የሚያክል ልዩነት። ምክንያቱ በአብዛኛው የጥያቄው አጠያየቅ ነው። ቤት አንኳኩቶ "አካል ጉዳተኛ አለ?" የሚል ቆጣሪ ብዙ ጊዜ የለም ይባላል፤ አንዱ ይደብቃል፣ ሌላዋ የአያቷን ዓይን አለማየት እርጅና ትለዋለች። "ለማየት ትቸገራለህ? ለመራመድስ?" ብለህ ከጠየቅህ ሌላ ቁጥር ታገኛለህ። የጓደኛዬ 7 ነጥብም እንደዚያ ነው። ስለዚህ የምርምር ሥራዬ አሁን ጥያቄ ማስተካከል ሆኗል። "ሰው ወቅሶሃል?" ለሚለው ምን ልተካ? "ሰው ስታጠፋ እያየ ዝም ብሎህ ያውቃል?" ልበል? እየሞከርኩ ነው።

ሎተሪን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አዲስ አበባ ተማሪ ሆኜ በየመንገዱ ሎተሪ የሚያዞሩ አካል ጉዳተኞችን ሳይ፣ አንድ ሰው ምርኩዜን አይቶ "አንተስ ምን ያህል ቀረህ?" ብሎ አሥር ብር ዘርግቶልኛል። ትኬት የምሸጥ መስሎት ነው። ተናድጄ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሰውየው ያየውን ነው የጠየቀው። ስፔን ውስጥ ይህ ነገር ሥርዓት ይዞ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1938፣ የእርስ በርስ ጦርነታቸው ሳያልቅ፣ ኦንሴ የሚባል የዓይነ ስውራን ድርጅት ተቋቋመ፤ ሎተሪ የመሸጥ መብት ተሰጠው፣ ሻጮቹ ዓይነ ስውራን፣ በኋላም ሌሎች አካል ጉዳተኞች ሆኑ። ገቢው ትምህርት ቤት፣ ሥራ፣ መሪ ውሻ ሆነላቸው። ቁማር ነው ወይ? ነው። ግን አካል ጉዳተኛው ከጠረጴዛው በሻጭ በኩል ተቀምጧል። የእኛም የወረቀት ሎተሪ፣ ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ ትንሽም ቢሆን ለአዟሪው ኮሚሽን አለው። ስልክ አዟሪ አያስፈልገውም። ስልክ ላይ ለጓደኛዬ የቀረው ወንበር የተበዪው ብቻ ነው።

ስለራሴም ልናዘዝ። "ሳይገባኝ አልጽፍም" ብዬ ለጥናት ተብሎ 500 ብር አስገባሁ። ማስታወሻ ልይዝ ነበር ሐሳቤ። መጀመሪያ በላሁ፣ 800 ደረሰ፣ ማስታወሻውን ተውኩት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ 3,700 ብር ወጥቶ ነበር፤ ለመስክ ጉዞ ካስቀመጥኩት። አስቡት፣ 0.97ን 50 ጊዜ ማባዛት ለተማሪዎቼ የማስተምር ሰው ነኝ። በነጋታው ያንኑ መጠይቅ ለራሴ ሞላሁት፤ 5 ወጣልኝ። ለአማካሪዬ አልነገርኩም፤ እሳቸውም ይህን አንብበው ነው የሚሰሙት።

አሁን የምታገልበት ጉዳይ ከዚያም የከበደ ነው። ሰው ለጥናት ስታነጋግር የትራንስፖርትና የጊዜ ካሳ መክፈል ሥርዓት ነው። ለቆማሪ ጥሬ ገንዘብ መስጠት ግን ምንድን ነው? በዕቅዴ ላይ "ገንዘቡ ለጨዋታ እንዳይውል በስኳርና በሳሙና ይተካል" ብዬ ጽፌ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው ተባልኩ። ባለፈው ጎብዬ ስሄድ ለጓደኛዬ አነበብኩለት።

"ለሌሎቹ ተሳታፊዎችም ስኳር ነው?" አለኝ።

"ሁለት እግር ላላቸው ማለትህ ነው?"

"አዎ። ለወንድሜ ምን ልትሰጠው ነው?"

እውነት ለመናገር ለወንድሙ 200 ብር ነበር ያሰብኩት፤ ወንድሙ በሌላ ጥናት ላይ ስለነበር ያን ያህል አላሰብኩበትም።

"ለእሱ ብር፣ ለእኔ ስኳር" አለ። "አንተም አዘንክልኝ ማለት ነው።"

እናቱ በረካውን እየቀዱ ነበር። ቀና ብለው አላዩንም፤ እየሰሙ ግን ነበር። ከኪሴ 200 ብር አውጥቼ በእጁ ሰጠሁት። ስልኩ ሳይሆን በእጁ፤ እሱም ትንሽ ማታለል ነው፤ ቴሌብር ለማስገባት ወኪል ጋ፣ ደረጃ ወጥቶ መሄድ አለበታ። ገባውና ሳቀብኝ።

ግማሹን አጥፎ ለእናቱ ሰጣቸው። ቀሪውን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተ። ምን እንዳደረገበት አልጠየቅኩትም፤ የሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ግን ጥር ላይ ነው፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ።